አእምሮ 9

ዛሬ ልጽፍ የነበረው ስለ ብርዱ ነው። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ጀምሯል። ጠዋት የግቢው ሣር ነጭ ሆኖ ይነጋል፤ ባልዲ ውስጥ ያደረው ውኃ ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን ጣቶቼ በደንብ ያውቃሉ። ግን ስለ ብርዱ በየዓመቱ ነው የምጽፈው። እናንተም ሰልችቷችኋል፣ እኔም።

መብራት ሄዷል። ባና ተከናንቤ በስልክ ነው የምጽፈው። ባትሪው 31 ከመቶ ይላል።

መብራቱ ሲሄድ ምን ላይ እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ወንድሜ ትቶልኝ የሄደውን የጌም ማጫወቻ፣ ፒኤስ 4፣ ታስታውሱታላችሁ። እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፣ ግን ክፍሉን ያሞቃል። በዚህ ወር ጌም የምጫወተው ግማሹ ለሙቀቱ ነው። ኤልደን ሪንግን ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ዛሬ ማታ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በተጨመረው ክፍል ውስጥ፣ ወደ አንዲት ትንሽ መንደር ገባሁ። የሚያሳድደኝ የለም። አበባ አለ፣ ሰው የሌለባቸው ቤቶች አሉ፣ ሙዚቃው ለስለስ ብሏል። አንድ ያረጀ ዛፍ ዘንድ የተቆረጠ የፀጉር ጉንጉን አገኘሁ። ወርቅማ ነው።

በዚህ ጌም ታሪኩን ቁጭ አድርጎ የሚነግርህ የለም። ያነሳኸውን ዕቃ ትከፍትና ሁለት ሦስት መስመር ታነባለህ፤ የቀረውን ራስህ ትገጥማለህ። የጉንጉኑ ጽሑፍ በእኔ አማርኛ እንዲህ ነው፦ ንግሥት ማሪካ ለአያቲቱ ያቀረበችው ነው። ጸሎቷ ምን ነበር? ምኞት? ኑዛዜ? የሚመልስ ሰው አልቀረም። ማሪካም ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም።

ማሪካ እኮ የዚያ አገር አምላክ ናት። ሐውልቷ በየቦታው እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሰማይ የሚነካው የወርቅ ዛፍም የእሷ ነው። ስንት ሌሊት ስፈራትና ስረግማት ኖሬ፣ በአንድ ጉንጉን የሰው ልጅ ሆና ቁጭ አለች። ሹሩባዋን ቆርጣ ለአያቷ ትታ ከቀዬዋ የወጣች ልጅ።

ልክ እዚህ ላይ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት፣ ከመንዝ። ሁለት ጊዜ ጮኾ ተዘጋ። ይቺን አንብቤ ልጨርስና እደውላለሁ አልኩ። ወዲያው ድርግም አለ።

እማማ (አከራዬን ማለቴ ነው) ሻማ ይዘው ብቅ አሉ።

“ያ ባለ እባብ ዛሬም ገደለህ?”

ባለ እባቡ ሜስመር ነው፣ የማሪካ ልጅ። ባለፈው ሳምንት ለቡና ሊጠሩኝ መጥተው ሲገድለኝ አይተዋል። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ያን ዕለት ነገሩን ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። ልጁ ውስጥ ክፉ እባብ አለበት፤ እናቱ አንድ ዓይኑን አውጥታ በቦታው ማኅተም አድርጋበታለች፤ ከዚያ የዛፉ ብርሃን በማይደርስበት አገር ጠላቶቿን እንዲያቃጥል ልካው፣ አገሩን ጋርዳ ትታዋለች አልኳቸው።

“ዓይኑን ያወጣችው ጠልታው ነው እንዴ?”

“አይታወቅም እማማ። ጽሑፉ አይልም።”

“አፍራበት ይሆናላ። አንድም ሰው እንዳይገድልባት ብላ ይሆናል።”

ይህን ብለው ጀበናውን ሊያወርዱ ሄዱ። “አንድም” ግን ከእኔ ጋር ቀረች። የእማማ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሪጌታ ነበሩ። ቃሏ ከዚያ የተረፈች መሰለኝ። የትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ ይዘው “አንድም” እያሉ ፍቺ ይደራርቡበታል። ሁለተኛው ፍቺ የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ አጠገቡ ይቀመጣል። እኔ ሌሊት ሌሊት ቪዲዮአቸውን የማየው የጌም ምስጢር ፈቺዎች ግን እንደዚህ አያውቁም። እያንዳንዱ “እውነተኛው ፍቺ ተገኘ” ብሎ ነው የሚጀምረው። ማሪካ ልጇን ወይ ትወደዋለች ወይ ትጠላዋለች፤ ከሁለት አንዱ። ጌም በእጃቸው ነክተው የማያውቁት እማማ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አስቀምጠውት ሄዱ።

የጌሙ ዳይሬክተር ሂደታካ ሚያዛኪ ልጅ እያለ ከቤተ መጻሕፍት የእንግሊዝኛ የጀብድና የተረት መጻሕፍት እያወጣ ያነብ እንደነበር ተናግሯል። እንግሊዝኛው በቅጡ አይገባውም። ያልገባውን ቦታ ሥዕሉን እያየ ራሱ ይሞላው ነበር። ጌሞቹም ያንን ንባብ ነው የሚመስሉት፤ ግማሹ ያልገባህ መጽሐፍ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔም ቅዳሴ የሰማሁት እንደዚያው ነዋ። ካህኑ “ዘይነብር ዲበ ኪሩቤል” ሲሉ፣ እዚያ ላይ የሆነ ነብር አለ ብዬ ስንት ዓመት አመንኩ። መጋረጃው ሲነቃነቅ እሱ ነው እል ነበር። “ዘይነብር” የሚቀመጥ ማለት መሆኑ ሲነገረኝ ደስ አላለኝም። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም ነብሩ ይናፍቀኛል።

ቅኔ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ቅኔ ውስጥ ወርቁ አለ። ባለቅኔው ወርቁን አስቦ ነው ሰሙን የሚያለብሰው። ውስጠ ወይራም ቢሆን፣ ወርቁ በግልጽ ባይነገር፣ ሰሚው ሊደርስበት ተብሎ ነው የተሸሸገው። መሪጌታው ተማሪውን “ፍታ” ሲሉት ባዶ ሰም አላሸከሙትም። ሚያዛኪስ? ሆን ብሎ ቀዳዳ የሚተው ሰው ከሆነ፣ ማሪካ በጉንጉኗ ምን ብላ እንደለመነች እሱም ባያውቅስ? እኔ እዚህ ብርድ ላይ ተጨብጬ ሰም ብቻ ሳቀልጥ ከርሜ ቢሆንስ?

ባዶ ሰም ማቅለጥ ምን እንደሚመስል ደግሞ አይተናል። የጌሙን የጥንት ዘመን ታሪክ መሠረት የጻፈው አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። ጌሙ በ2022 እ.ኤ.አ. እንደወጣ ሰዉ አንድ ነገር ደረሰበት፦ የታላላቆቹ ስም በጂ፣ በአር ወይም በኤም ይጀምራል። ጎድሪክ፣ ራዳን፣ ማሌኒያ። የሰውየው ስም መነሻ ፊደላት! ጉድ ተባለ። ማርቲን ራሱ በብሎጉ ላይ አስተባበለ፤ ስም ማውጣቱ በራሱ ከባድ ነው፣ የራሴን ስም እዚያ ውስጥ ስሸሽግ አልውልም ዓይነት ነገር። እኔ አላመንኩትም። ምን ሊል ኖሯል?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ትልቁ ምስጢር ነው። ማሪካ ራዳጎን የሚባል ሁለተኛ ባል አላት። በዋናው ከተማ፣ የራዳጎን ሐውልት ፊት ቆመህ አንድ የታወቀ ጸሎት ብትደግም ሐውልቱ ይለወጣል፤ የማሪካ ይሆናል። ባልዬው ራሷ ናት። አንድ አካል፣ ሁለት ስም። ሰሙ ሲቀልጥ በዓይንህ ታየዋለህ ማለት ነው። ጸሎቱን ለመድገም ታዲያ የምትጫወትበት ሰው የአእምሮ ነጥብ 37 መሆን አለበት። የእኔ ሰውዬ አእምሮው 9 ነው። ሲወለድ 9 ነበር፣ ዘንዶ ገድሎም 9 ነው። ያገኘሁትን ሁሉ ጉልበቱ ላይ ነው ያፈሰስኩት። ሐውልቱ ፊት ያንን የሚያህል መዶሻ ተሸክሞ ይገተራል እንጂ አንድ ቃል አይወጣውም። ምስጢሩን ያየሁት በሰው ቪዲዮ ነው። እሱም ግማሽ ላይ ፓኬጄ አለቀ።

እንግዲህ ዛሬ በጨለማው የመጣብኝ ሐሳብ ይሄ ነው። “ደብረ ብርሃን” ራሱ ከመሬት ያነሳሁት ዕቃ ቢሆን ኖሮ፣ ስከፍተው ምን ይል ነበር? ሁላችንም የምናውቀው መስመር አለ፦ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በዚህ ቦታ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን ታየ፣ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማ አደረጉት። እንግዳ ሲመጣብኝ ሥላሴ ወስጄ ይህንኑ ነው የምለው። ትንሽ የተማርኩ ለመምሰል ስፈልግ ደግሞ፣ ብርሃኑን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየችው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ ታሪክ ጸሐፊዎች መኖራቸውን እጨምራለሁ። እንግዳው “ዋው” ይላል። ከዚያ ወደ ምሳ።

የንጉሡ ዜና መዋዕል ግን ትንሽ ወደኋላ ይጀምራል። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም አሉ ተብለው፣ የካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ የመስቀል በዓል ዕለት ብርሃኑ ታየ። ንጉሡ ምልክቱን ፈቱት፤ እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብለው። የደቂቀ እስጢፋኖስ ገድሎች ደግሞ ሌላ ይላሉ፤ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ባልን ተገደልን ነው የእነሱ ነገር። እና ንጉሡ በብርሃኑ ቦታ አሠሩ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ስሙ ማን ነው? ሥላሴ።

እዚህ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። አንድም አጋጣሚ ነው። አንድም… እኔ እንጃ። ጂ፣ አር፣ ኤም ያደረገኝ ነገር ተመልሶ መጥቶብኝ ይሆናል። ግን ስድስት ዓመት እዚህ ኖሬ እነዚያን 38 ቀናት አንድም ቀን ቆጥሬያቸው አላውቅም። ሜስመር ያቃጠለውን መንደር አመድ በአመድ ስዞር፣ እያንዳንዷን የተቃጠለች ዕቃ ሳነብ፣ “አይ ማሪካ፣ ይሄ ሁሉ ወርቅ በዚህ ነው?” እያልኩ ስፈርድ ነው የከረምኩት።

እማማ ሻማውን ሊያስተካክሉ ሲመለሱ ሁሉንም ልነግራቸው ፈለግሁና ፈራሁ።

“እማማ፣ መሪጌታ የዚያን የብርሃን ነገር ምን ይሉ ነበር?”

“የቱን?”

“ዘርአ ያዕቆብ ያዩትን። ከዚያ በፊት የነበረውን ማለቴ ነው፣ የመነኮሳቱን።”

የቀለጠውን ሰም በጥፍራቸው ከሳህኑ ላይ እየፈቀፈቁ ትንሽ ቆዩ። ለብሰውት የነበረው ነጠላ ጫፉ ሊነካው ሲል ሰበሰቡት።

“ይሄን ሲጠይቋቸው ‘ቡናው በረደ’ ይሉ ነበር” አሉኝና ወጡ።

ይሄ ፍቺ ነው ወይስ ቡና? ሃያ ደቂቃ አስቤበታለሁ። ቡና ሲበርድ አቦሉ አልፎበታል፣ ቶናው ላይ ነን፣ ሦስተኛው በረካ ነው፣ ሦስት ደግሞ ሥላሴ… እዚህ ስደርስ ራሴን በቃህ አልኩት።

ለመሆኑ ከምን ተነስቼ ነበር? ከብርዱ። አይደለም፣ ከጉንጉኑ። አይደለም፤ እናቴ ደውላ ነበር። ሁለት ጊዜ ጮኾ ተዘጋ። አንድም ካርድ አልቆባት ነው። አንድም የገብሱ አጨዳ ተጠናቀቀ ልትለኝ ነው። አንድም ለገና ትመጣለህ ወይ ነው፣ አምና አልሄድኩም፣ ካቻምናም። አንድም አያቴን አሟት ነው። አንድም ስልኩ መቀነቷ ውስጥ እያለ ተነክቶ ነው፤ ይሄ ከዚህ በፊትም ሆኗል።

መልሶ መደወል የሚባል ነገርም ነበረ እኮ። ያውም ባትሪው 31 ሳለ። አሁን 6 ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓትም አልፏል። መንዝ ከተኛ ቆይቷል። ይኸው፣ አእምሮ 9።

መብራት መጣ። ሜስመርን አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሬ እተኛለሁ። ጠዋት እደውላለሁ።