ለሪሞት አውሮፕላኔ የምሠራው ትንሽ ኮምፒውተር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ከፎም የተሠራች ባለ አንድ ሞተር ሪሞት አውሮፕላን አለችኝ። እሷ ላይ የሚሳፈር፣ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር እየገጣጠምኩ ነው። ሥራው ከፍታን፣ የአውሮፕላኗን መዘንበልና የጂፒኤስ ቦታን መመዝገብ ነው። አሁን መብረር ጀምሯል። ተመሳሳይ ነገር ለምትሞክሩ የገባኝን ላካፍላችሁ።

ቦርድ መምረጡ ብዙ አላስጨነቀኝም። ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው የሚባለውን፣ በአንድ ቦርድ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ወሰድኩ። ስፋቱ 65 በ30 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 10 ግራም አካባቢ ነው። ትልቁ ወንድሙ ፓይ 4 ግን 46 ግራም ይመዝናል፤ ኃይልም ይበላል። ለመመዝገብ ብቻ ከሆነ ተራ ማይክሮኮንትሮለርም (አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያሠራ ቺፕ) ይበቃል። እኔ ሊኑክስ (ሙሉ የኮምፒውተር ሲስተም) የፈለግኩት ወደፊት ካሜራ ልጨምርበት ስላሰብኩ ነው።

ክብደት የሚያመጣው በቦርዱ ዙሪያ ያለው ነገር ነው። አንድ ተራ የዩኤስቢ ገመድ ብቻውን ከቦርዱ ይከብዳል። ስለዚህ ሶኬት የሚባለውን በተቻለኝ መጠን አስወጣሁ። ቀጫጭን የሲሊኮን ሽቦ አሳጥሬ ቆረጥኩና በቀጥታ በካውያ በየድኩት። ቀጭን ሽቦ ቮልት ያባክናል ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ካላለፈ፣ በግማሽ አምፒር የሚባክነው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ብዙ ያሳሰበኝ የኃይሉ ጉዳይ ነው። ቀላሉ መንገድ የሞተር መቆጣጠሪያው ለሰርቮዎች (መሪዎቹን ለሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) ከሚሰጠው 5 ቮልት ላይ መቀጠል ይመስላል። አልወደድኩትም። ሰርቮዎቹ አንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ ከ1 አምፒር በላይ ሊስቡ ይችላሉ፤ ያኔ ቮልቱ ለቅጽበት ይወርዳል። ፓይ የሚደርሰው ቮልት ከ4.63 በታች ሲሆን ማስጠንቀቂያ ይመዘግባል፤ ከዚያ ከባሰ ሊጠፋ ይችላል። እኔ የበለጠ የምፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሾርት ቢፈጠር ሪሲቨሩንም (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን) ሰርቮዎቹንም ይዞ ይጠፋል። መሪ የሌላት አውሮፕላን የሰው ራስ ላይ ልትወድቅ ትችላለች።

ሁለተኛው ምርጫ ከዋናው ባለ ሦስት ሴል ሊፖ (የሊቲየም ባትሪ)፣ ማለትም ከ11.1 ቮልት፣ ዝቅ አድርጎ መውሰድ ነው። እዚህ ላይ የሬጉሌተሩ (ቮልቱን ዝቅ የሚያደርገው ክፍል) ዓይነት ወሳኝ ነው። ሊኒየር የሚባለው ትርፉን 6.1 ቮልት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። 0.4 አምፒር ብንስብ ኮምፒውተሩ 2 ዋት ያገኛል፤ 2.4 ዋት ደግሞ ፎሙን ለማሞቅ ይሄዳል። ስዊቺንግ የሆነው፣ ማለትም ኃይሉን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ቮልት የሚያወርደው፣ ብዙ ስለማያባክን እሱን መጠቀም ይሻላል።

እኔ የመረጥኩት ሦስተኛውን መንገድ ነው። ለብቻው ባለ አንድ ሴል 600 ሚሊአምፒር ሰዓት ሊፖ፣ ወደ 5 ቮልት ከሚያሳድግ ትንሽ ቦርድ ጋር። ሂሳቡ እንዲህ ነው። 3.7 ቮልት በ0.6 ሲባዛ 2.2 ዋት ሰዓት ይሆናል። 15 በመቶው በመንገድ ይባክናል ብንል 1.9 ገደማ ይቀራል። የእኔ ፕሮግራም በአማካይ ዋት ተኩል ስለሚበላ ከአንድ ሰዓት በላይ ያሠራል። ሊፖ ከ3 ቮልት በታች ሲወርድ ስለሚጎዳ፣ 3.5 ላይ ኮምፒውተሩ ራሱን እንዲዘጋ አድርጌዋለሁ። ፓይ ቮልት የሚለካበት መግቢያ ስለሌለው ለዚህ አንዲት ኤዲሲ ቺፕ (ቮልትን ወደ ቁጥር የምትለውጥ) ጨምሬያለሁ።

ተጨማሪ ባትሪ ተጨማሪ ክብደት አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል። የእኔ አውሮፕላን ሚዛኗ ወደ ጅራት ስለሚያደላ አፍንጫዋ ውስጥ ለማመጣጠኛ የእርሳስ ብረት ተለጥፎ ነበር። እርሳሱን ነቅዬ ባትሪውን እዚያው አስገባሁት። ዝም ብሎ ይጫን የነበረው 15 ግራም አሁን ኮምፒውተር ያሠራል። ቦታ መምረጥን አትናቁት። ከስበት ማዕከሉ 30 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ 10 ግራም ብታስቀምጡ፣ ለማካካስ 10 ሴንቲሜትር ወደ ፊት 30 ግራም ያስፈልጋችኋል።

ሚሞሪ ካርዱ ኃይል በድንገት ሲቋረጥበት ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሲስተሙ ያለበትን ክፍል የሚነበብ ብቻ አደረግኩት። መረጃው ለብቻው በተከለለ ክፍል ላይ በየሰከንዱ ይጻፋል።

ዋይፋዩን አትርሱ። የዜሮ 2 ደብሊው ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚሠራው፤ አብዛኞቹ ሪሞቶችም እዚያው ላይ ስለሆኑ ሊያውካቸው ይችላል። የእኔ ፕሮግራም መመዝገብ ሲጀምር ዋይፋዩን ያጠፋዋል። ያም ሆኖ ፕሮፔለሩን ፈትቼ፣ ኮምፒውተሩ በርቶም ጠፍቶም የሪሞቱን ርቀት ሳልፈትሽ አላበርም።

በጣም የወደድኩት ክፍል ከፍታ መለኪያው ነው። ቢኤምፒ280 የሚባለው ሴንሰር ከፍታን የሚያውቀው በአየር ግፊት ነው። ከባሕር ወለል ብዙ ባልራቀ ቦታ የ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ልዩነት ከ8 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት ማለት ነው። በሰከንድ 15 ሜትር የሚነፍስ አየር ፊት ለፊት ሲመታው ግን እስከ 1.4 ሄክቶፓስካል የሚደርስ ግፊት ይጨምርበታል። ይህ ከ11 ሜትር በላይ የሐሰት ከፍታ ለውጥ ነው! አውሮፕላኗን መሬት ላይ አስሬ ሞተሩን በኃይል ሳዞረው ግራፉ ሲዘል ይታይ ነበር። ሴንሰሩን ቀዳዳማ ስፖንጅ ሸፍኜ ከንፋሱ ሳርቀው መስመሩ ተረጋጋ። ስፖንጁ ጥቁር ቢሆን ይመረጣል፤ ቺፑ ብርሃን ሲያርፍበትም ንባቡ ይዛባል።

ይኸው ያስቸገረኝ ግፊት ፒቶ ቱቦ፣ ማለትም ወደ ፊት የተከፈተች የአየር ፍጥነት መለኪያ ቱቦ፣ ፍጥነት የሚለካበት ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራዬ እሱ ሆኗል። ቱቦውን የፕሮፔለሩ ንፋስ በማይደርስበት፣ ክንፉ ጫፍ አጠገብ ልገጥመው አስቤያለሁ። ፎሙን ብዙ ሳይቆርጡ በክንፍ ውስጥ ቀጭን የጎማ ቱቦ የሚያሳልፉበት ዘዴ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።