«ኔጌቲቭ» ብዬ የፈረምኩበት ስላይድ

እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ፤ ከታካሚ የተወሰደ ቲሹን በማይክሮስኮፕ አይቶ ውጤቱን የሚፈርም ሐኪም። ስልኩ የጮኸው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የደወለችው አብረን ዓመታት የሠራን የካንሰር ሐኪም ናት። ሁልጊዜ ሰላምታዋ ረጅም ነው። ያን ቀን ግን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባች።

«ዶክተርዬ፣ ባለፈው ሳምንት የላክልኝ ሪፖርት አልዋጥልኝ ብሏል። ዕጢው ግሬድ 1 ኢንዶሜትሪዮይድ ነው። ሁለቱም የሆርሞን ተቀባዮች ደግሞ ኔጌቲቭ። እስኪ አንድ ጊዜ ደግመህ እየው።»

«ኮንትሮሉ በደንብ ሠርቷል እኮ» አልኳት፤ ማቅለሚያው መሥራቱን የምናይበትን ቲሹ ማለቴ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ልቤ አላረፈም።

ታካሚዋ በስድሳዎቹ መጨረሻ ያሉ እናት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በማህፀናቸው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ኢንዶሜትሪዮይድ የሚባለው ዓይነት፣ ግሬድ 1 ማለትም መልኩ ከጤነኛው ሽፋን ብዙም ያልራቀ ካንሰር ተገኝቶ ማህፀናቸው በቀዶ ጥገና ወጥቷል። አሁን ደግሞ ሳንባቸው ላይ ትንንሽ እብጠቶች ታዩ። የሚያድጉት በዝግታ ነው። ልባቸው ደካማ ስለሆነ ኬሞቴራፒ ማዘዝ ያስፈራል። ሐኪሟ ያሰበችው በሚዋጥ የፕሮጄስትሮን ዓይነት መድኃኒት መጀመር ነበር። ለዚህም በቀዶ ጥገናው ጊዜ የተቀመጠው ናሙና የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ እንዲሠራለት ጠየቀችን። እኔ ያየሁት ስላይድ ዕጢው ላይ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ነበር፤ ተቀባይ የለም ማለት ነው። ሁለት መስመር ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ወደሚቀጥለው ሄድኩ።

የማህፀን ካንሰር ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት የማህፀን በር ካንሰር ነው። እሱ በአብዛኛው ኤች ፒ ቪ በተባለ ቫይረስ ምክንያት የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። እኔ የማወራው በወር አበባ ዕድሜ በየወሩ ተገንብቶ ስለሚፈርሰው የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ነው። ይህን ሽፋን በዋናነት የሚያዙት ሁለት ሆርሞኖች ናቸው። ኢስትሮጅን «እደግ» ይለዋል። ፕሮጄስትሮን «በቃህ፣ አሁን ብሰል» ይለዋል። ትእዛዙን የሚሰማው ግን ሴሉ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ተቀባይ የምንለው እሱን ነው። ሆርሞኑ ሲይዘው ተቀባዩ ኒውክለስ ውስጥ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጥና ጂኖችን ይቀሰቅሳል።

ኢስትሮጅን ለዓመታት ያለ ፕሮጄስትሮን ብቻውን ሲያዝ ሽፋኑ ከልክ በላይ ያድጋል፤ አንዳንዴም ወደ ካንሰር ይሄዳል። ካረጡ በኋላ የሰውነት ስብ ራሱ ኢስትሮጅን ያመርታል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ለዚህ ካንሰር የሚያጋልጠው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው። ሁሌም የሚደንቀኝ ደግሞ ታሞክሲፈን ነው። ጡት ላይ የኢስትሮጅንን ተቀባይ ይዘጋል። ማህፀን ሽፋን ላይ ሲደርስ ያንኑ ተቀባይ ይቀሰቅሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሴሉ የፕሮጄስትሮንን ተቀባይ እንዲሠራ የሚያዘው የኢስትሮጅን ተቀባይ ነው። ሁለቱም ካሉ መንገዱ ገና አልተዘጋም ማለት ነው። ግሬድ 1 የሆነው የኢንዶሜትሪዮይድ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይዞ ይቆያል። ክሊር ሴል የሚባለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ተቀባይ የለውም፤ ሴረስ በሚባለው ዓይነት ላይ ደግሞ ውጤቱ ወጣ ገባ ነው። ሐኪሟን የቆረቆራት ይሄ ነው። ግሬድ 1 ሆኖ ሁለቱንም ያጣ ዕጢ ሊኖር ይችላል፤ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

የኢስትሮጅን ተቀባይ መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው በማህፀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤልውድ ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሬዲዮአክቲቭ የሆነ ኢስትሮጅን ለአይጦች ሰጠ። ከሌላው የሰውነት ክፍል ሆርሞኑ ቶሎ ሲወጣ ማህፀናቸው ግን ይዞ አስቀረው። የሚይዘው ነገር አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ሪታ ኬሊና ዊልያም ቤከር የተባሉ ሐኪሞች የተሰራጨ የማህፀን ሽፋን ካንሰር በፕሮጄስትሮን ዓይነት መድኃኒት ሊቀንስ እንደሚችል አሳተሙ። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ተቀባዩ ያለው ዕጢ ከሌለው በጣም የተሻለ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። እኔ የጻፍኳት ሁለት መስመር ለእኚህ እናት ይህን በር ትዘጋ ነበር።

ስላይዱን መልሼ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥኩት። በዚህ ምርመራ ተቀባይ ያለው ኒውክለስ ቡናማ ይሆናል፤ የሌለው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ሳየው ዓይኔን ዕጢው ላይ ብቻ ተክዬ ነበር። አሁን ከሌላኛው ጫፍ ጀመርኩ። በዕድሜ የገፉ ሴቶች የማህፀን ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ ከውስጠኛው ሽፋን እስከ ውጨኛው ድረስ በአንድ ብሎክ፣ ማለትም ሰም ውስጥ በተቀበረ አንድ የቲሹ ቁራጭ፣ ሊገባ ይችላል። ይህም እንደዚያ ነበር። በውጨኛው ጫፍ ያሉት የጡንቻ ሴሎች ኒውክለሶች ጥርት ብለው ቡናማ ናቸው። ስላይዱን ቀስ እያልኩ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ቡናማው ሳሳ። ትንሽ አለፍ ስል ፈዘዘ። መሀል ላይ ጠፋ። ዕጢው አጠገብ ስደርስ ጤነኛው ጡንቻም፣ ጤነኞቹ የሽፋኑ እጢዎችም (ግላንዶቹ)፣ በመካከላቸው ያሉት ሴሎችም ሁሉም ሰማያዊ ናቸው።

ጤነኛ የማህፀን ጡንቻ ተቀባይ አለው። እዚያ ቦታ ላይ ጤነኛው ራሱ «የለኝም» ካለ የዕጢው «የለኝም» ምኑ ይታመናል? ለሐኪሟ የጠቀስኩላት ኮንትሮል ሌላ ቲሹ ነው፤ በራሱ ጊዜ ቲሹን ከመበስበስ የሚጠብቀውን ፈሳሽ፣ ፎርማሊንን፣ በደንብ ጠጥቶ የተቀመጠ። እሱ የሚመሰክረው ማቅለሚያው መሥራቱን ብቻ ነው። ይህ ናሙና እንዴት እንደተያዘ አያውቅም። ይህን ለተማሪዎች አስተምራለሁ። ያን ቀን ግን አላደረግኩትም።

የናሙና መቀበያውን የድሮ መዝገብ እንዲያወጡልኝ በዕድሜ የሚበልጡንን ቴክኖሎጂስት ጠየቅኳቸው። ገጹን አገኙት፤ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። «ዶክተር፣ ይሄ ማህፀን ዓርብ ከሰዓት ነው የገባው። ሳይከፈት። የተቆረጠው ሰኞ ነው።» ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «ዕቃውም ጠባብ ነበር፤ እዚህ ተጽፏል» አሉኝ።

ነገሩ ተገለጠልኝ። ፎርማሊን ቲሹ ውስጥ የሚገባው በግምት በሰዓት 1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ወደ ውስጥ በሄደ ቁጥር ደግሞ ይዘገያል። ማህፀን ሳይከፈት ጠባብ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ፎርማሊኑ የሚደርሰው ውጨኛው ላይ ነው። ካንሰሩ ያለው ግን ውስጥ፣ ክፍተቱ ላይ ነው። ያ ሽፋን ደግሞ ለመበስበስ የሚቸኩል ቲሹ ነው። ዕጢው ቅርጹ ብዙም ሳይበላሽ ተቀባዮቹ ሊጎዱ ይችላሉ። በጡት ካንሰር ሥራ ላይ ደንቡ ግልጽ ነው። ናሙናው ከሰውነት በወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ተቆርጦ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ ከ6 እስከ 72 ሰዓት እዚያ ይቆያል። ጡት ላይ ሁላችንም ሰዓት እንቆጥራለን። ማህፀን ላይ እኛ ጋ የሚቆጥር ሰው አልነበረም።

ደግነቱ ሌላ ናሙና ነበር። ከቀዶ ጥገናው በፊት ምርመራው የተረጋገጠው በተጠረገ የሽፋን ቲሹ ነው። ፍርፋሪ ናት፤ ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ስለገባች በደንብ ተጠብቃለች። ብሎኳን ከመጋዘን አስወጥተን ሁለቱንም ምርመራ ደገምን። በማግስቱ ስላይዷን ሳያት ለትንሽ ጊዜ ከወንበሬ አልተነሳሁም። የኢስትሮጅን ተቀባይ ከዕጢው ሴሎች 90 በመቶው ላይ አለ። የፕሮጄስትሮኑ 80 በመቶ ላይ። አጠገባቸው ያለው ጤነኛ ቲሹም ቡናማ ነው።

ለሐኪሟ ራሴ ደወልኩ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳት፤ የተስተካከለውን ሪፖርት ከምክንያቱ ጋር ላክሁ። እሷም ተገቢ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ሳንባው ላይ ያለውስ እንደ መጀመሪያው ነው?» የተሰራጨ ካንሰር አንዳንዴ ተቀባዩን ይጥላል። ስለዚህ ከሳንባው በመርፌ ናሙና ተወሰደ። እሱም ፖዘቲቭ ሆነ፤ የፕሮጄስትሮኑ ግን ከመጀመሪያው ቀንሷል። እናትየው ሜጀስትሮል የተባለው የፕሮጄስትሮን ዓይነት ክኒን ተጀመረላቸው። መድኃኒቱ የደም መርጋት ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሟ ከልብ ሐኪማቸው ጋር እየተመካከረች ነው የምትከታተላቸው። ከአራት ወር በኋላ በተነሣው ሲቲ ስካን እብጠቶቹ አላደጉም፤ አንዱ እንዲያውም ቀንሷል። ቤታቸው ሆነው ክኒናቸውን እየዋጡ ነው።

እኛ ጋ ሁለት ነገር ተቀየረ። በሪፖርቱ ቅጽ ላይ «በዚሁ ስላይድ ያለው ጤነኛ ቲሹ ቀልሟል ወይ?» የሚል መስመር ገባ። ያ ካልተሞላ ኔጌቲቭ ብሎ መፈረም አይቻልም። ጤነኛው ካልቀለመ የምንጽፈው «ሊነበብ የማይችል፣ ሌላ ናሙና ይላክልን» ብለን ነው። ሁለተኛው ትንሽ አከራከረን። ማህፀን እንደደረሰ ይከፈት ስንል ቀዶ ሐኪሞቹ ቅርጹ እንዳይበላሽ ሰጉ። አብረን ቁጭ ብለን አንዱን አሳየናቸው። በማህፀን በሩ በኩል ዘንግ ይገባል፣ በግራና በቀኝ ጎኑ ላይ ይቆረጣል፣ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። ፊቱና ጀርባው አይምታታም፤ ዕጢው ወደ ግድግዳው ምን ያህል እንደገባም በኋላ በትክክል ይለካል።

ባለፈው ዓርብ ወደ ቤት ልወጣ ስል ከቀዶ ጥገና ክፍል አንድ ማህፀን መጣ። ቴክኖሎጂስቱ ጓንታቸውን አድርገው ነበር። ከፍተው፣ በሁለቱ ግማሾች መሀል የጋዝ ጨርቅ አድርገው፣ ሰፊ ዕቃ ውስጥ በቂ ፎርማሊን ሞሉበት። ክዳኑ ላይ በማርከር ጻፉ፦ የወጣበት 10:20፣ ፎርማሊን የገባበት 10:50።