ንግግሩ እንዲለይ፦ ለቴሌቪዥን በአነስተኛ ወጪ ስፒከር የመረጥኩበት መንገድ

ቀጭን ቴሌቪዥን ድምፁ ሲጨመር ይጮኻል እንጂ ንግግሩ አይለይም። በስክሪኑ ጠርዝ የሚገቡት ስፒከሮች ትንንሽ ናቸው፤ ፊታቸውም ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው። እንደ «ሰ»፣ «ፈ» እና «ተ» ያሉትን ድምፆች እርስ በርስ የሚለየው ጉልበት በአብዛኛው ከ2000 ኸርዝ በላይ ይገኛል። ይህ ቀጭን ድምፅ ልክ እንደ ባትሪ መብራት አቅጣጫ ይዞ ስለሚጓዝ፣ ጠረጴዛና ግድግዳ ላይ ከተረጨ ጆሮ የሚደርሰው ተበታትኖ ነው። ተዋናዩ «ሰራ» ይበል «ፈራ» የሚምታታው ለዚህ ነው። ስለዚህ ስፒከር ስመርጥ መለኪያዬ ንግግር ነበር፤ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) እና ዋት ሁለተኛ ናቸው። ከሰብዉፈር፣ ማለትም ቤዝ ብቻ ከሚያወጣ ስፒከር የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ከበርሜል ውስጥ የሚያወራ ዜና አንባቢ ነው።

ስፒከር ከማየቴ በፊት ያየሁት የቴሌቪዥኑን ጀርባ ነው። ድምፅ በየት በኩል እንደሚወጣ ሳያውቁ ስፒከር መግዛት፣ በሩን ሳይለኩ ቁም ሣጥን እንደማምጣት ነው። 3.5 ሚሊ ሜትር የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ካለ ነገሩ ቀላል ነው፤ ድምፁ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ቀይና ነጭ አርሲኤ ቀዳዳዎች ግን ያታልላሉ፤ በአዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ አብዛኞቹ ከውጭ ድምፅ የሚቀበሉ መግቢያዎች እንጂ መውጫ አይደሉም። አጠገባቸው «ኢን» ይሁን «አውት» የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ኦፕቲካል መውጫ ድምፁን በብርሃን ስለሚልክ የኤሌክትሪክ ረብሻ አያስገባም፤ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ግን የድምፁ መጠን ቋሚ ስለሆነ ሪሞቱ አያዘውም። ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ ከ2009 ጀምሮ፣ ማለትም ከኤችዲኤምአይ 1.4 ወዲህ የመጣ ነው፤ በአንድ ገመድ ድምፁንም የሪሞት ትእዛዙንም ያስተላልፋል። የሚሠራው ግን «ኤአርሲ» ተብሎ በተጻፈበት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ በሴቲንግ ውስጥም ሲኢሲ የተባለው፣ መሣሪያዎች በአንድ ሪሞት እንዲታዘዙ የሚያደርገው፣ መከፈት አለበት። አምራቾች ይህንን በየራሳቸው ስም ይጠሩታል፦ ሳምሰንግ ኤኒኔት+፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ደግሞ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል። «ኤአርሲ አልሠራም» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ ይህንን ያልከፈቱ ናቸው።

ብሉቱዝን ከዝርዝሬ ያወጣሁት ወዲያው ነው። ኤስቢሲ በተባለው የተለመደ የብሉቱዝ ድምፅ መጭመቂያ (ኮዴክ) ድምፁ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዘግይቶ ይደርሳል። ለሙዚቃ ምንም አይደለም፤ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እያዩ ግን ይረብሻል። ድምፅ ከምስል ቀድሞ ከመጣ ቴሌቪዥኑ ድምፁን እንዲያዘገይ ማዘዝ ይቻላል። ድምፁ ወደ ኋላ ከቀረ ግን ያንኑ ማስተካከያ መንካት የባሰ ያዘገየዋል እንጂ ወደፊት አያመጣውም።

ከዚያ ምርጫው መጣ። ሳውንድባር ቦታ ይቆጥባል፤ ርካሾቹ ግን ግራና ቀኛቸው ተቀራርቦ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) የሌላቸው፣ በትንንሽ ሾጣጣዎች (የሚርገበገበው የስፒከር ፊት) የተሞሉ ረጅም ሳጥኖች ናቸው። ሳውንድባር የግድ ከሆነ መሐል ላይ ለንግግር የተለየ ስፒከር ያለውን፣ 3.1 የሚባለውን እመርጣለሁ። ከመግዛቴ በፊትም ቴሌቪዥኑ እግር ሥር ያለውን ክፍተት እለካለሁ፤ የሪሞት መቀበያውን የሚሸፍን ሳውንድባር በየቀኑ ያናድዳል። በዩኤስቢ የሚሠሩ የኮምፒውተር ስፒከሮች ከቴሌቪዥን ዩኤስቢ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ 5 ቮልት በ0.5 አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ ነው፤ ለመኝታ ክፍል ካልሆነ አይበቁም። አምፕሊፋየር (አምፕ፣ ድምፁን የሚያጎላው መሣሪያ) በውስጣቸው ያለ ባለሶኬት ስፒከሮች ጥሩ ናቸው፤ ጊዜ ለሌለው ሰው የምመክረው እነሱን ነው። እኔ የወሰድኩት ግን ሌላ መንገድ ነው፦ አምፕ የሌላቸው ያገለገሉ ሁለት የመደርደሪያ ስፒከሮችና አንድ ትንሽ አምፕ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስፒከር ከኤሌክትሮኒክስ ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ያገለገለ ጥሩ ሳጥን ደግሞ ከአዲስ ርካሽ ሳጥን ይሻላል። አምፑ ቢቃጠል የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው።

ስለ ዋት በካርቶን ላይ የሚጻፈውን አላመንኩም። «ፒኤምፒኦ 2000 ዋት» የሚል፣ ለቅጽበት ብቻ ይደረስበታል የሚባል ቁጥር ምንም አይነግርም፤ የሚታመነው «አርኤምኤስ» የሚለው፣ ያለማቋረጥ የሚወጣው ዋት ነው፤ እሱም ቢሆን በአዳፕተሩ መፈተሽ አለበት። አዳፕተሩ ላይ 12 ቮልት 2 አምፔር ከተጻፈ፣ ሲባዛ 24 ዋት ነው። ከ24 ዋት አዳፕተር 100 ዋት ድምፅ ያለማቋረጥ አይወጣም፤ ሻጩ የፈለገውን ይበል።

ስንት ዋት እንደሚበቃ ለማወቅ የስፒከሩን ሴንሲቲቪቲ ማየት ይጠቅማል። 87 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ማለት በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠው ድምፅ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ስፒከሮች 3 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው እያንዳንዳቸው በ1 ዋት 80 ዴሲቤል አካባቢ ያደርሳሉ፤ ይህ ለንግግር ከበቂ በላይ ነው። ፍንዳታ ላለበት ፊልም ተጨማሪ 10 ዴሲቤል ቢፈለግ 10 ዋት ይበቃል። በተቃራኒው ሴንሲቲቪቲው 84 የሆነ ስፒከር፣ 87 የሆነው የሚሰጠውን ድምፅ ለመስጠት እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ 3 ዴሲቤል የተሻለ ስፒከር መፈለግ፣ የአምፑን ዋት እጥፍ ለማድረግ ከመክፈል ይሻላል።

አምፑ በቲፒኤ3116 ቺፕ የተሠራ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሣጥን ነው። እዚህ ላይ ወሳኙ ቮልቱ ነው። 8 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ስፒከር ላይ በ12 ቮልት ቢበዛ 9 ዋት ገደማ፣ በ24 ቮልት ደግሞ እስከ 36 ዋት ድረስ ይወጣል። ቺፑ እስከ 26 ቮልት ስለሚችል 24 ቮልት 3 አምፔር አዳፕተር ወሰድኩ። ብዙ ሻጮች አምፑን ከ12 ቮልት አዳፕተር ጋር ያቀርባሉ፤ ገዢው ደግሞ ድምፁ ሲሰነጠቅ አምፑን ይረግማል።

ያገለገለ ስፒከር ሲገዛ ለመፈተሽ የሚያስፈልገው አንድ መልቲሜትር፣ አንድ ስልክና ሁለት እጅ ነው። መጀመሪያ በሾጣጣው ዙሪያ ያለውን ቀለበት በጣት መንካት፤ ፎም ከሆነ ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል። ጎማ ከሆነ ይቆያል። ቀጥሎ ሾጣጣውን በሁለት ጎን እኩል በቀስታ መግፋት ነው፤ የመፋተግ ድምፅ ወይም የአሸዋ ስሜት ካለ ጥቅልሉ ማግኔቱን እየነካ ስለሆነ መተው ነው። በመልቲሜትር ሲለካ 8 ኦም የተባለው ከ5.5 እስከ 7፣ 4 ኦም የተባለው ከ3 እስከ 3.8 ኦም ያሳያል፤ ዝቅ ያለው ቁጥር ስህተት አይደለም። ሁለቱ ስፒከሮች ግን መቀራረብ አለባቸው። ትዊተሩን ይህ ልኬት አይፈትሸውም፤ ስለዚህ ድምፅ ከፍቶ ጆሮን ማስጠጋት ያስፈልጋል። የትዊተር መቃጠል በሙዚቃ ውስጥ ይደበቃል፣ በንግግር ግን ያ ስፒከር ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል።

ለማድመጥ ይዤ የሄድኩት ሙዚቃ ሳይሆን የወንድና የሴት ንግግር ቅጂ ነው። አንዱን ስፒከር ለብቻው፣ ሌላውንም ለብቻው። ስፒከሮችን ስናወዳድር ድምፃቸው እኩል ካልሆነ ውድድሩ ከንቱ ነው፤ ጆሮ በትንሹም ቢሆን የሚበልጠውን «የተሻለ» ይለዋል። «ሰ» ላይ የሚያፏጭ ትዊተር ለአምስት ደቂቃ ብሩህ ይመስላል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ያደክማል። የመረጥኳቸው 5 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው) እና ትዊተር ያላቸው፣ 8 ኦም፣ 87 ዴሲቤል ነበሩ። 3 ኢንች የሆኑት ለወንድ ድምፅ ቀጠኑብኝ፤ 8 ኢንች የሆኑትን ደግሞ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችላቸውም።

ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሁለት ገመድ ነው፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር 5 ሜትር። በዚህ ርዝመት ደርሶ መልሱ ተቃውሞ 0.12 ኦም ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ልዩ የስፒከር ገመድ» መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ጫፉ ላይ አንዲት ቀጭን ክር እንኳ ወጥታ ጎረቤቷን ብትነካ አምፑ ይዘጋል ወይም ይቃጠላል፤ ጠምዝዞ አጥብቆ ማስገባት ነው። ፕላስና ማይነስ በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ ምንም አይቃጠልም፤ ግን ቤዙ ይጠፋል፣ ተናጋሪው ከስክሪኑ መሐል ሳይሆን ከየትም እንደማይመጣ ይሆናል። ምልክቱ ከጠፋ ስፒከር ላይ 1.5 ቮልት የሪሞት ባትሪ ለቅጽበት ማስነካት ይቻላል፤ ዉፈሩ ወደ ውጭ ከተገፋ የባትሪው ፕላስ የነካው ፕላስ ነው። ይህ ለትዊተር ብቻውን አይደረግም።

አቀማመጡ ከግዢው እኩል ለውጥ አመጣ። ትዊተሩ ለተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ፣ ከወለል 90 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ላይ፤ በሁለቱ መሐል 2 ሜትር፤ ፊታቸው ወደ መቀመጫው በጥቂቱ ዞሮ። ጀርባቸው ላይ የአየር ቀዳዳ ያላቸው ከግድግዳ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለባቸው። መጀመሪያ አንዱ ጥግ ውስጥ ገብቶ ነበርና ከ100 እስከ 200 ኸርዝ ያለው አብጦ የወንዶችን ድምፅ ሸፈነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ሳወጣው ጠራ። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ ከሆነ የስፒከሩ ፊት ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከገባ ጠረጴዛው ድምፁን መልሶ ይረጫል፣ የቴሌቪዥኑ ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተሳሳትኩበት። መጀመሪያ የገዛሁት ኦፕቲካልን ወደ አርሲኤ የሚቀይር ትንሽ መቀየሪያ ነበር። ሲገናኝ ዝም አለ። ቴሌቪዥኑ ዶልቢ ዲጂታል የተባለውን የተጨመቀ ድምፅ እየላከ ነበር፤ መቀየሪያው የሚያውቀው ደግሞ ፒሲኤም የተባለውን ያልተጨመቀ ድምፅ ብቻ ነው። በሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ኦዲዮ አውት» የሚለውን ፒሲኤም ሳደርገው ወዲያው ድምፅ መጣ። ከዚያ ግን ሪሞቱ ድምፁን እንደማያዝ ታወቀ፤ ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ ተነስቶ የአምፑን ቁልፍ ማዞር የሚታገሥ ሰው ካለ ኦፕቲካል ጥሩ ነው። እኔ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ተመለስኩ፣ በ1.5 ሜትር ከ3.5 ወደ ሁለት አርሲኤ ገመድ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከመቶ 75 ላይ አድርጎ፣ አምፑን በጣም ጮክ እስኪል ማስተካከል፣ ከዚያ በሪሞት ዝቅ ማድረግ ነው። ተገላቢጦሽ፣ ማለትም ቴሌቪዥኑ 20 ላይ ሆኖ አምፑ እስከ መጨረሻ ከተከፈተ፣ የሚሰማው «ሽሽሽ» ነው።

በዚህ ግንኙነት አንድ ነገር ተከተለ፦ የማያቋርጥ «ሁምምም»። የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ስነቅለው ጠፋ። የዲሹ ገመድ የሽፋን ሽቦ ከመሬት ጋር ተገናኝቷል፣ ባለሦስት እግሩ የአምፕ አዳፕተርም ከመሬት ጋር ተገናኝቷል፤ በሁለቱ መሐል የድምፅ ገመዱ ክቡን ይዘጋውና የመስመሩ 50 ኸርዝ ይዘምርበታል። የአዳፕተሩን የመሬት እግር መቁረጥ ድምፁን ያጠፋዋል፣ ነገር ግን ብልሽት ሲመጣ ሰውን በኤሌክትሪክ ያስይዛል፤ ፈጽሞ አይደረግም። መፍትሔው በአርሲኤው መሐል የሚገባ፣ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመር የያዘ የመሬት መለያ ነው። የርካሾቹ ጉድለት ወፍራሙን ቤዝ ትንሽ መቀነሳቸው ነው፤ ለንግግር አይሰማም።

በመጨረሻ የቴሌቪዥኑን የራሱን ስፒከር አጠፋሁ። ሁለቱ አብረው ከሠሩ ድምፁ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ተለያይቶ ይደርስና ንግግሩ ይደበዝዛል። «ሰራውንድ» የሚለውን አጥፍቶ ሁነታውን «ስታንዳርድ» ማድረግም ያስፈልጋል፤ ሰራውንዱ የተሠራው ለቴሌቪዥኑ ትንንሽ ስፒከሮች ነው። ማታ ልጆች ተኝተው ፊልም ለማየት ግን «ናይት ሞድ» የሚባለው ይጠቅማል፤ ፍንዳታውን ጨቁኖ ሹክሹክታውን ያነሳል። ከጎን ለሚቀመጥ ሰው ንግግሩ ወደሚቀርበው ስፒከር ይሳብበታል። ስፒከሮቹን ይበልጥ ወደ ውስጥ አዙሮ መስመሮቻቸው ከመቀመጫው ትንሽ ፊት እንዲሻገሩ ማድረግ ይህንን ይቀንሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም። ሦስት ሰው ሁሌ ተደርድሮ የሚያይበት ቤት ከሆነ መሐል ላይ ስፒከር ያለው ሳውንድባር ከእኔ ምርጫ ይሻላል።