ኮሎ፣ ዳቦ እና 138 ወንበር

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። መዋጮ መመዝገብ፣ ቀሪ መያዝ፣ ቅጣት ማስላት የእኔ ሥራ ነው። እንጀራዬ ደግሞ የሒሳብ መምህርነት ነው። ስለ ምርጫ ሕግ ግን ሰኔ 14 ቀን 2013 አራት ኪሎ አካባቢ ተሰልፌ ድምፅ እስከሰጠሁበት ቀን ድረስ አስቤ አላውቅም ነበር። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ሰው የሚያወራው እስኪያጣ አወራ። ከፊቴ የቆሙ አንድ አዛውንት ዘወር አሉና «መምህር፣ እኔ የመረጥኩት ሰው ካላሸነፈ ወረቀቴ የት ይገባል?» ብለው ጠየቁኝ። «ይቆጠራል» አልኳቸው። «ተቆጥሮስ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሒሳብ መምህር በቁጥር ጥያቄ ሲረታ ደስ አይልም፤ ለዚህም ይመስለኛል ነገሩን ሳልተወው የቀረሁት።

በ1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት አዲስ አበባ በፌዴራሉ ምክር ቤት ካላት 23 ወንበር 23ቱንም፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር ደግሞ 137ቱን ወሰደ። በ2002 በፌዴራሉ ምክር ቤት ከነዚያው 23 ወንበሮች 22ቱ ለኢሕአዴግ ሆኑ፤ ለተቃዋሚው አንድ ቀረ። በ2007 ያ አንዱም ጠፋ። በመካከሉ ብዙ ነገር እንደሆነ ማንም የከተማው ነዋሪ ያውቃል፤ ሁሉን ነገር በአቆጣጠሩ ላይ ላላክክ አልፈልግም። ነገር ግን ቁጥሮቹን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ላያቸው ሰው አንድ ነገር ግልጽ ነው። በየምርጫ ክልሉ አንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን በሚወስድበት ሥርዓት ትንሽ ማዘንበል ሙሉ መውደቅ ይሆናል። ዛሬ የጠቀመው ፓርቲ ነገ ይጎዳበታል። ይህን ለገዢውም ለተቃዋሚውም ደጋፊ በእኩል ድፍረት መናገር ስለሚቻል፣ ለመጀመር የሚሆን ጉዳይ መሰለኝ።

ስድስት ሆነን ጀመርን፦ እኔ፣ የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ ወጣት ጠበቃ፣ የፀጉር ቤት ያላት ጎረቤታችን እና ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ። ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ የተመጣጣኝ ውክልና ሥርዓት፣ ማለትም ፓርቲዎች የዕጩ ዝርዝር አቅርበው ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር የሚካፈሉበት አሠራር፣ እንዲገባ መጠየቅ ነበር ሐሳባችን። እኔ አራት ገጽ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ዛሬ ሳነበው አፍራለሁ። «ተመጣጣኝ ውክልና» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ገጽ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። የወሩ ስብሰባ ላይ ላነበው ስነሣ የእድሩ ዳኛ ገና ከርእሱ አስቆሙኝ። «ጸሐፊ፣ እዚህ የምንሰበሰበው ለቀብር ነው። ሌላውን ሌላ ቦታ።» ያን ቀን ተናድጄባቸው ነበር። ኋላ ሳስበው ልክ ነበሩ። እድር ውስጥ የሁሉም ፓርቲ ደጋፊ አለ፤ የአንዱን ሬሳ ሌላው ይሸከማል። ያንን ለእኔ ወረቀት ብለው ለአደጋ ሊያጋልጡት አይገባም ነበር።

ስለዚህ በየቤቱ፣ ከቡና ጋር ሆነ። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ አሥር ሰው ነበርን። አራት ገጹን ኪሴ ውስጥ ትቼ «የቡና ቁርስ እንምረጥ» አልኩ። አራት ሰው ኮሎ አለ፣ ሦስት ዳቦ፣ ሦስት ፈንዲሻ። «እንግዲህ ኮሎ አሸንፏል፤ ለአምስት ዓመት በዚህ ቤት ከቡና ጋር የሚቀርበው ኮሎ ብቻ ነው» ብዬ አወጅኩ። ሳቁ። ጥርሳቸው የሳሳ አንዲት እናት ግን አልሳቁም፤ «ታዲያ ስድስታችን ምን ልንበላ ነው?» አሉ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ማብራሪያ ቀላል ነበር። ኮሎው ከአሥር አራት ካገኘ ሳህኑ ላይ አራት እጅ ይሁን፣ ዳቦውም ፈንዲሻውም ሦስት ሦስት እጅ። ስንት ዓመት ክፍልፋይ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ እንዲህ የገባው ክፍል ግን አይቼ አላውቅም።

ሁሉም ቤት እንዲህ አልቀናንም። አንድ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ኮሎውን በአንድ ጥያቄ በተኑት። «ዝርዝሩን የሚያወጣው ማን ነው? የፓርቲው አለቃ አይደለም? እኔ የምፈልገው ቤቱን የማውቀውን፣ በሩን የማንኳኳውን ሰው ነው።» ይህ ተራ ተቃውሞ አይደለም። በንጹሕ የዝርዝር ሥርዓት ተመራጩ የሚፈራው መራጩን ሳይሆን በዝርዝሩ ላይ ተራውን የሚወስንለትን ሰው ነው። ሁለት ሳምንት ስንከራከር ቆየንና የደቡብ አፍሪካን ማዘጋጃ ቤቶች አሠራር አገኘን። በዚያ መራጩ ለቀበሌው ተወካይ አንድ ድምፅ፣ ለፓርቲ ዝርዝር ሌላ ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለቱ ተደምረው ምክር ቤቱ ሚዛኑን ይጠብቃል። ጥያቄያችንን ወደዚህ ቀየርነው። ጡረተኛው ወዲያው አልፈረሙም፤ ወንበር ጎትተው መቀመጣቸው ግን ለእኔ በቂ ነበር።

ስለ ፊርማ ካነሣሁ አይቀር፣ ትልቁ ስንፍናችን እዚያ ነው። የፊርማ ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የእድር ደብተር አስመስዬ። ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ሰው እስክሪብቶውን ያነሣና የቤት ቁጥር የሚለው ዓምድ ጋ ሲደርስ ይመልሰዋል። «ሻይ ጥጄ መጣሁ» ይላል፤ አይመለስም። ገንዘብ ያዣችን ናቸው የነቁት፦ «ልጄ፣ በዚህ አገር የቤት ቁጥርህን የሚጠይቅህ ወይ ሊሰጥህ ነው ወይ ሊወስድብህ።» ዓምዱን ሰረዝነው፤ ፊርማውም መምጣት ጀመረ።

አዳራሽ ስንከራይም ተደነቃቀፍን። ባለቤቱ «የፈቃድ ደብዳቤ አምጡ» አለን። ጠበቃችን አዋጅ ቁጥር 3/1983ን ይዞ ሄደ። ሕጉ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የሚያደርግ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ ነው የሚለው። ማሳወቅና ማስፈቀድ በወረቀት ላይ ሁለት ቃል ናቸው። በአዳራሹ ባለቤት ጆሮ ግን አንድ ነበሩ፤ ልፈርድበትም አልችልም፤ የንግድ ፈቃዱ የእሱ ነው። ወደ ቡናችን ተመለስን። የመራጮች ትምህርት መስጠት ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ እንደሚጠይቅም ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ ከዚያ በኋላ «ሥልጠና» የሚለውን ቃል ከአፋችን አወጣን። እኛ የምናደርገው በሕጉ ላይ ጎረቤታሞች ሆነን መከራከር ነው።

ፊርማው 214 ደርሶ ማመልከቻውን ለከተማው ምክር ቤት ልናስገባ ሁለት ቀን ሲቀረን ጠበቃው ማታ ደወለ። «መምህር፣ የተሳሳተ በር ነው።» የከተማዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ የወጣው በፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የምርጫ አዋጁም 1162/2011 እንዲሁ። የከተማው ምክር ቤት ራሱ የሚመረጥበትን ሥርዓት የመለወጥ ሥልጣን የለውም። አዲስ አበባ ክልል አይደለችም፤ የምርጫዋ ቁልፍ ፌዴራሉ ዘንድ ነው። ወራት ሙሉ ሰው ቤት ስዞር ይህን አለማንበቤ እንቅልፍ ነሣኝ።

በማግስቱ ግን ነገሩ ተገለባበጠ። ለፌዴራሉ ምክር ቤት ምርጫ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል የሚለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የታሰረ ነው። ያንን ለመንካት በአንቀጽ 105 መሠረት የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በዚያ ላይ ከክልል ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛው ስምምነት ያስፈልጋል። አንቀጽ 54 የሚናገረው ግን ስለ ፌዴራሉ ምክር ቤት ነው። ስለ አዲስ አበባ አንቀጽ 49 ከተማዋ ራሷን ታስተዳድራለች፣ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ብሎ ያልፋል። የአዲስ አበባን ምክር ቤት አመራረጥ ለመለወጥ ታዲያ አዋጅ ይበቃል፤ አዋጅን ደግሞ አዋጅ ይሽረዋል። ተራራ ይመስለኝ የነበረው ነገር ዳገት ሆነ። ማመልከቻውን እንደገና ጻፍነው፤ አንድ ገጽ፣ አድራሻው ለተወካዮች ምክር ቤት። 214ቱንም ሰው እንደገና ማስፈረም ግዴታ ነበር፤ የፈረሙት ለሌላ ደብዳቤ ነዋ።

ግማሹን ሳናዳርስ መጋቢት 2016 ደረሰ። ፒያሳ ፈረሰ፤ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። የእኛም ሰው ከፊሉ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ። ሰዎቻችንን የምናውቃቸው በበራቸው ነበር፤ በሩ ሲጠፋ ዝርዝራችን ባዶ ወረቀት ሆነ። የስልክ ቁጥር አለመያዛችን የእኔ ጥፋት ነው፤ የቤት ቁጥር ስጠይቅ ስልክ መጠየቅ አልመጣልኝም። ያዳነን የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው። የሁሉንም ስልክ በአሮጌ ደብተር ይዞ ነበር፤ ከሩቅ ሰፈር ለቅሶ የሚያስጠራው እሱ ነውና።

ስንደውልላቸው ስለ ኮሎ መጠየቅ አላስፈለገም። የምርጫ አዋጁ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። ሰው ሠላሳና አርባ ዓመት ከኖረበት ተነሥቶ በአንድ ሳምንት የማያውቀው ምርጫ ክልል ውስጥ ራሱን አገኘ፤ ዕጩዎቹንም ጎረቤቱንም አያውቅም። ለከተማው ሁሉ የሚሆን የፓርቲ ዝርዝር ቢኖር ግን አራዳ ቢኖር፣ ዳርቻ ቢኖር ድምፁ ያው ነው፤ ከሰውየው ጋር ይጓዛል። ሁለት ዓመት በፍትሐዊነት ላይ ያቀረብኩት ክርክር ሁሉ ይህን ያህል አልሠራም። ጡረተኛውም በስልክ «አሁን ስሜን ጻፍ» አሉኝ። ክርክሩን ያገኘሁት ከሰው መከራ መሆኑ አሁንም አይመቸኝም።

በግንቦት 2016 በአድዋ ድል መታሰቢያ የአገራዊ ምክክሩ የአዲስ አበባ አጀንዳ ማሰባሰቢያ ሲካሄድ፣ በተሳታፊነት የተመረጠች ጎረቤታችን አንድ ገጻችንን በቦርሳዋ ይዛ ገባች። በቡድኗ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ያህል እንደተናገረችና ጸሐፊው እንደመዘገበው ነገረችኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም፤ ደክሟት ነበር።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ በሁለት ታክሲ ተሳፍሬ ከተነሡት አንዷ ቤት ሄድኩ። አዲሶቹ ጎረቤቶቿ ሰምተው መጥተዋል፤ አሥር ያህል ይሆናሉ። ቡናው ተፈላ። «መምህር፣ ያንን ነገር አሳያቸው» አለችኝ። ኮሎ አልነበረም፤ ክረምት ስለሆነ የበቆሎ እሸት ነበር። ሦስት እሸት፣ ለአሥር ሰው።