ሠላሳ አንደኛዋ መስመር

የታወቁ የደህንነት ክፍተቶችን በራሴ ማሽን ላይ እየሞከርኩ እማራለሁ፤ ሰሞኑን ከፋይል ፈቃድ ልምምድ ወጥቼ ወደ ኢሜይል ሰርቨር ዞሬያለሁ። እስከ አሁን «የውስጥ ተጠቃሚ ብቻ የሚደርስበት ክፍተት» የሚል ነገር ሳነብ እንደ ቀላል ቆጥሬ ነበር የማልፈው። ሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ሰው ቤተሰብ እንጂ ሌባ አይደለም ብዬ።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ ኤግዚም የተባለው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ነው። ኳሊስ የተባለው የደህንነት ኩባንያ በጁን 2019 ይፋ ያደረገው ክፍተት ከ4.87 እስከ 4.91 ያሉትን ስሪቶች ይነካል። ኔትወርኩን በቆረጥኩበት ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሬ ውስጥ በሚሠራ ምናባዊ ኮምፒውተር) ላይ ዴቢያን 9 የተባለውን ሊኑክስ ካልታደሰው ኤግዚም 4.89 ጋር ጫንኩና ምንም ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ ሆኜ ገባሁ።

ኤግዚም ለማዋቀሪያ ፋይሉ የሚጠቀምበት የራሱ ትንሽ ቋንቋ አለው፤ «ይህን ትዕዛዝ አስኪድ» ማለትም ይቻልበታል። ቋንቋው ለአስተዳዳሪው የተሠራ ነው። ጉዱ የተቀባዩ አድራሻም በዚያው ቋንቋ መተርጎሙ ነው። ከ@ በፊት በስም ፈንታ ትዕዛዝ ለጻፈ ሰው፣ ኤግዚም በሩት፣ ማለትም ማሽኑን ሁሉ በሚያዝዘው ተጠቃሚ፣ ሥልጣን ይፈጽምለታል።

ሁለት ቀን ሙሉ ግን አልሆነልኝም። ብልክ ብልክ «እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለም» እየተባለ ይመለስብኛል። ኮዱን ደግሜ ሳነብ ነው የገባኝ፦ ያቺ ስህተት ያለባት መስመር የምትደረሰው ኤግዚም ደብዳቤውን ገና ከመነሻው «አላደርስም» ብሎ ሲወስን ነው። እንዲህ እንዲወስን ምን ላድርገው? ደብዳቤ በሰርቨሮች መካከል ሲዞር እንዳይኖር ኤግዚም «ተቀብያለሁ» የሚሉትን የራስጌ መስመሮች ይቆጥራል፤ ከ30 ካለፉ ይጥለዋል። 31 መስመር በእጄ ጻፍኩ። ከዚያ ደብዳቤው አለቀ የምትለዋን አንዲት ነጥብ ብቻዋን፣ ከዚያ ኢንተር።

በአድራሻው ውስጥ የጻፍኩት ትዕዛዝ «ፋይል ፍጠር» የሚል ነበር። በጊዜያዊ ፋይሎች ማህደር ውስጥ አዲስ ፋይል ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ሩት። ተነሥቼ ቡና አፈላሁ።

በተለመደው ቅንብር ከውጭ የሚመጣ አጥቂ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ባይት እየላከ ግንኙነቱን ሰባት ቀን ማቆየት ነበረበት። ከውስጥ ላለ ሰው ግን የቅጽበት ሥራ ነው። የውስጥ ሰው ማለት ደግሞ ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ በዌብሳይት ቀዳዳ ገብቶ የዌብ ሰርቨሩን ተጠቃሚ የያዘም ያው የውስጥ ሰው ነው። ይህን ሳላስብ ስንት ዓመት እንደሠራሁ ባልናገር ይሻላል።

ስሪት 4.92 በፌብሩዋሪ 2019 ሲወጣ ስህተቱ ተስተካክሎ ነበር፤ ያኔ ግን የደህንነት ጉዳይ ተብሎ ስላልታየ አሮጌዎቹ ሳይጠገኑ ቆዩ። ዴቢያን በኋላ ጥገናውን በዚያው በ4.89 ላይ ስለጨመረው፣ የኤግዚምን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ዴቢያን ለሚያከፋፍለው ጥቅል (ፓኬጅ) የሰጠውን ሙሉ የስሪት ቁጥር እስከ መጨረሻው አንብቡ። ማሽኑን አድሼ ያንኑ 31 መስመር ደግሜ ላክሁ፤ ፋይሉ አልተፈጠረም።

ቀጥሎ ፖስትፊክስ በተባለው ሌላ የኢሜይል ሰርቨር ላይ የተገኘውን የ2008ቱን ክፍተት፣ የሊንኩን (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁመውን ፋይል) ነገር፣ እሞክራለሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ የት ላይ እንደተቸገራችሁ ንገሩኝ።