«መርማሪ ኮናን»ን ቅጽ በቅጽ ማንበብ፦ እስከ ቅጽ 18 የያዝነው ማስታወሻ

ደብረ ብርሃን ላይ በሳምንት አንድ ቅጽ እየተቀባበልን የምናነበው የጎሾ አኦያማ «መርማሪ ኮናን» ቅጽ 18 ደርሷል። የሥዕል ታሪኩ በጃፓን ሳምንታዊ መጽሔት መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። 100ኛው ቅጽ በ2021 ወጥቷል፤ ታሪኩ ግን እዚያም አላበቃም። ስለዚህ አዲስ የምትጀምሩ ለመጨረስ አትሩጡ። ተቸኩሎ ከተነበበ ጣዕሙ ሁሉ ይጠፋል።

ነገሩ ለሸዋ ሰው ጭራሽ ባዕድ አይደለም። ጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በግድ መርዝ ይውጥና አካሉ ወደ ትንሽ ልጅነት ይመለሳል፤ አእምሮው ግን እንዳለ ነው። ልጅ ሆኖ የሚጠራበት ስም ኮናን ነው። በምኒልክ ዘመን ሌባሻይ ተብሎ ትንሽ ልጅ መድኃኒት እየጠጣ ሌባ ይፈልግ እንደነበር አስታውሱ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ሌባሻዩ ራሱን ስቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ይወነጀል ነበር፤ ኮናን ግን ማስረጃ ሳይዝ አፉን አይከፍትም። ሳቁም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ልጅን ማን ይሰማል? እሱም በሰዓቱ ውስጥ በደበቃት ማደንዘዣ መርፌ አሳዳሪውን መርማሪ ያስተኛና፣ ከጀርባው ተደብቆ ድምፅ በሚቀይር ቢራቢሮ ክራቫት በሰውየው ድምፅ ይናገራል። ሰውየው ሲነቃ ምስጋናውን ሁሉ ይረከባል።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው አቅጣጫው ነው። መጽሐፉ የሚከፈተው እኛ መጨረሻ በምንለው በኩል ነው። በገጹ ላይ ከላይ ቀኝ ጥግ ካለው ሥዕል ተነስታችሁ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁለት ሰው ሲናገርም የቀኙ ይቀድማል። ይህን የሳተ ሰው መልሱን ከጥያቄው በፊት ያነባል፤ ቀልዱም ሳይጀመር ያልቃል። ስልክ ላይ የምታነቡ፣ ገጹ የሚገለጥበት አቅጣጫ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲሆን አስተካክሉ፤ ሁለት ገጽ የያዘ ሥዕል ሲመጣ ደግሞ ስልኩን አግድም አዙሩት።

ስሞቹም ያምታታሉ። በእንግሊዝኛው እትም ሺንኢቺ (ኮናን ከመሆኑ በፊት የነበረው ተማሪ) «ጂሚ»፣ ጓደኛው ራን «ራቸል»፣ አባቷ ኮጎሮ (ኮናን የሚያስተኛው መርማሪ) «ሪቻርድ» ተብለዋል። አኒሜሽኑን በጃፓንኛ ያየና መጽሐፉን በእንግሊዝኛ የያዘ ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስለዋል። በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ጻፉ።

ዋናው ነገር ግን የት ቆሞ ማሰብ እንዳለባችሁ ማወቅ ነው። አንድ ወንጀል ባብዛኛው ሦስት ምዕራፍ ገደማ ይወስዳል። ተጠርጣሪዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሰበሰቡ፣ ልክ እንደ አፈርሳታ፣ መጽሐፉን ዝጉት። ከዚያ ሰው፣ ሰዓትና ዕቃ የሚሉ ሦስት ዓምዶች አስምራችሁ ያያችሁትን ሙሉ። ካልሞላላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ፍንጩ ብዙ ጊዜ ቃል በሌለው ትንሽ ሥዕል ውስጥ ነው ያለው። በመጀመሪያው ምዕራፍ የእንባ አፈሳሰስ ራሱ ማስረጃ ነው፤ እንባው ወደየት እንደሄደ ሳያይ የሚያልፍ ብዙ ነው። እዚያው ቅጽ 1 ውስጥ ወንጀል የተፈጸመበት የአንዲት ዘፋኝ ቤት ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ወለሉም ረጥቧል። ማታ ማታ ባና ደርቦ ለሚቀመጥ የደብረ ብርሃን ሰው ሙቅ ክፍል ደስታ እንጂ ፍንጭ አይመስልም። ለምን ሞቀ ብላችሁ ግን ጠይቁ፤ መልሱን እዚህ አንጽፈውም።

ወንጀለኛው ሳይታወቅ በፊት ጥቁር ጥላ ሆኖ ይሳላል። ከጥላው ቁመትና ቅርጽ ተነስታችሁ ሰው አትገምቱ፤ የማይታወቅ ሰው ምልክት ብቻ ነው። ሟች ትቶት በሚሄደው መልእክት ላይም ብዙ አትድከሙ። አንዳንዱ በጃፓንኛ ፊደልና ድምፅ ላይ የተሠራ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሲተረጎም ሰሙ ይቀራል፣ ወርቁ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን እንደ ሽንፈት ሳትቆጥሩ እለፉት።

ቅጽ 7 ላይ በፒያኖ ኖታ የተሠወረ መልእክት ያለበት የደሴቱ ወንጀል ከእስካሁኑ ሁሉ ይበልጣል፤ ለእሱ ብቻ ሳምንት ስጡት። ቅጽ 10 ላይ የኦሳካው መርማሪ ሄይጂ፣ ቅጽ 16 ላይ ሌባው ካይቶ ኪድ፣ ቅጽ 18 ላይ ሃይባራ የምትባል ልጅ ይገባሉ። በተለይ ሃይባራ የመርዙን ጉዳይ ስለምትነካ፣ ዘሎ 18ን የጀመረ ሰው ማን እንደሆነችና ለምን እንደምትፈራ አይገባውም።

ቅጹ ሲያልቅ ወንጀሉ ሁልጊዜ አብሮት አያልቅም፤ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ 18ን የሚወስድ 19ንም አብሮ ይውሰድ። መልስ በሥዕሉ ዳር በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ከእናንተ ቀጥሎ የሚያነብ አለ።