ከሐዋሳ ሆኜ ድንበር ተሻጋሪ ክርክር የተማርኩበት መዝገብ

የጥብቅና ሥራዬን በሐዋሳ የጀመርኩት በውርስ፣ በኪራይና በብድር ክርክሮች ሲሆን፣ ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል ዳኝነት፣ ማለትም ተከራካሪዎች ከፍርድ ቤት ውጭ በመረጧቸው ዳኞች ወደሚዳኙበት ሥርዓት፣ ያስገባኝ በአንድ የሲዳማ ቡና ላኪ ጉዳይ ላይ የሠራሁት ስህተት ነው።

ደንበኛዬ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። የቡናው ዋጋ ሰነድ ሲቀርብ በባንክ በኩል የሚከፈል ቢሆንም፣ ጭነቱ ከተላከ በኋላ ውጭ አገር ያለው ገዢ ሰነዱን አልረከብም አላቸው። ይዘውልኝ በመጡት ውል የመጨረሻ ገጽ ላይ «አለመግባባት ቢፈጠር በግልግል ዳኝነት ይታያል» የሚል አንድ መስመር አለ፤ የት፣ በስንት ዳኛ፣ በየትኛው ሕግ እንደሚታይ ግን አይናገርም።

«ጋሼ፣ ይህን ሲፈርሙ ማንም አላስረዳዎትም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ያየሁት ዋጋውንና የቡናውን ደረጃ ነው» አሉኝ።

እኔም መስመሯን ችላ ብዬ ክሱን በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት መሠረትኩ። ተከሳሹ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 መሠረት ጉዳዩ በግልግል የሚታይ ነው ሲል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረበ፤ መዝገቡም ተዘጋ። ስምንት ወር ባክኖ፣ ደንበኛዬ ከዋጋው ግማሽ በማይሞላ ገንዘብ ለመስማማት ተገደዱ። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

ክሱን ከመጻፌ በፊት ልጠይቀው ይገባኝ የነበረው የገዢው ንብረት የት እንዳለ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ አንዳች ስላልነበረው፣ ሐዋሳ ላይ ብረታም ፍርዱን የማስፈጽምበት ነገር አላገኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የተደረገው፣ አባል አገሮች የውጭ ግልግል ውሳኔን እንዲያስፈጽሙ የሚያስገድደው የኒው ዮርክ ስምምነት ግን ከ170 በላይ አገሮችን የሚያስተሳስር ሲሆን፣ አንድ አባል አገር የውጭ ግልግል ውሳኔን አልፈጽምም የሚልባቸውን ምክንያቶች በአንቀጽ 5 ወስኖ አስቀምጧል።

ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች፤ በአገራችን ተፈጻሚ የሆነውም ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከመቀላቀሏ በፊት ለተደረጉ የግልግል ስምምነቶችና ውሳኔዎች እንደማይሠራ ግን ገደብ የሚጥል ተአቅቦ አስመዝግባለች። ስለዚህ የውጭ ውሳኔ እዚህ አስፈጽምልኝ የሚል ሰው ሲመጣ፣ ከገንዘቡ መጠን በፊት የውሉንና የውሳኔውን ቀን እመለከታለሁ፤ ቀኑ የቀደመ ከሆነ ወደ አገር ውስጥ ሕጉ፣ ማለትም የሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 461 ወደ ተካው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013፣ እና ያ አገር የእኛን ውሳኔ የሚያስፈጽም ከሆነ እኛም የእሱን እናስፈጽማለን ወደሚለው የእንካ ለእንካ መርህ መመለስ ግድ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ያደከመኝ ቋንቋው ነው። አንድ ጊዜ የእንግሊዝኛ ውሳኔ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ተርጓሚው የግልግል ዳኝነቱን «መቀመጫ» «ስብሰባው የተካሄደበት ቦታ» ብሎት አገኘሁ። ዳኞቹ በመመቸት ብቻ ሌላ ከተማ ተሰብስበው ምስክር ሊሰሙ ይችላሉ፤ መቀመጫው ግን የግልግሉን ሥርዓት የሚገዛውን ሕግ፣ ውሳኔው እንዲሻር አቤቱታ የሚቀርብበትን ፍርድ ቤትም ጭምር የሚወስን ነው። ያን ሌሊት ቃሉ የገባበትን እያንዳንዱን አንቀጽ በእርሳስ እያሰመርኩ ሳቀና አነጋሁ። አሁን ለላኪዎች ውል ሳረቅ መቀመጫውን፣ የዳኞቹን ቁጥር፣ ቋንቋውንና የሚገዛውን ሕግ ከዋጋው አንቀጽ ቀጥሎ አስቀምጣለሁ፤ ደንበኛውም ከመፈረሙ በፊት አንቀጹን ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ እጠይቀዋለሁ።